አሰልጣኙ ይሰናበት ወይስ ይቆይ? የቆላ ከተሞች ክለቦችና የውጤት ጥያቄ

የመጀመሪያው ዙር ሲጋመስ በደቡብ ቆላ ከተሞች አንድ ጥያቄ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ይነሳል። ነገሌ ቦረናም ይሁን ያቤሎ፣ ሞያሌም ይሁን አርባ ምንጭ፣ ቡድኑ ሦስት አራት ጨዋታ በተከታታይ ነጥብ ከጣለ ቡና በሚጠጣበት፣ ባጃጅ በሚቆምበት፣ የእንግሊዝ ጨዋታ በሚታይበት ቤት ሁሉ ወሬው «አሰልጣኙ ይነሳ» ነው። ቦርዱ አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራል። አሰልጣኙ «የሁለት ጨዋታ ዕድል» ይሰጠዋል። ሁለቱም ካልተሳኩ ምክትሉ በጊዜያዊነት ይረከብና ክለቡ ከዋና አሰልጣኙ ጋር በስምምነት መለያየቱን ያስታውቃል። በሚቀጥለው ዓመትም በዚያው ወር ያው ስብሰባ ይደገማል።

ይህ ጽሑፍ የጥያቄውን ሁለት ወገን ለማየት ይሞክራል። ይሰናበት የሚሉትንም ይቆይ የሚሉትንም በጠንካራ መከራከሪያቸው እንውሰዳቸው፤ ከአገራችን እግር ኳስ የምናውቃቸውን ታሪኮች፣ ከውጭም የተጠኑትን እንይ። የእኔ አቋም ከመነሻው ግልጽ ይሁን። አሰልጣኝ የሚመዘነው በተሰጠው ነገር ልክ ነው። ለአሰልጣኙ ምን እንደ ሰጠ መዝግቦ ያልያዘ ክለብ የማሰናበት ሥልጣን ይኖረው ይሆናል፤ የማሰናበት ምክንያት ግን የለውም።

አሰልጣኙ ምን ተሰጠው?

ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በስሟ የሚጠራ ክለብ ይዛ በከፍተኛ ሊግ የተጫወተች ከተማ ናት። በዚያ ደረጃ የሚወዳደር የቆላ ከተማ ክለብ ከሌሎቹ የሚለየው መጀመሪያ በርቀት ነው። ጨዋታው በደርሶ መልስ በነበረበት ጊዜ ተጫዋቾቹ ለአንድ ዘጠና ደቂቃ ሁለት ቀን መንገድ ይገፉ ነበር፤ እግራቸው ሳይፍታታ ሜዳ ይገባሉ፣ ማግስቱን ደግሞ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ከ2013 ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ሲጀምር ከፍተኛ ሊጉም ያንኑ መንገድ ተከተለ። መንገዱ ቀለለ፤ በምትኩ ክለቡ ለሳምንታት በሰው ከተማ ሆቴል ይቀመጣል። አበል፣ ምግብና መኝታ ከከተማው ካዝና በየቀኑ ይወጣል። ትልቁ ለውጥ ግን ሌላ ነው። የነገሌ ደጋፊ ቡድኑን በዓይኑ ማየት አቆመ። ከእጁ የገባው ውጤቱ ብቻ ነው፤ ማን ተጎድቶ እንደ ተጫወተ፣ የትኛው ጎል በማን ስህተት እንደ ገባ፣ ቡድኑ ተጨናንቆ ተሸነፈ ወይስ ሲያጠቃ ውሎ ተሸነፈ የሚለውን አያይም። ፍርዱ የሚሰጠው ስልክ ላይ በደረሰ ቁጥር ነው።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ሕዝባዊ መሠረት ካላቸው ጥቂት ክለቦች በቀር የአገራችን ክለቦች በመንግሥት በጀት ወይም በድርጅቶች ድጎማ ይኖራሉ። የከተማ ክለብ ደግሞ ከከተማው አስተዳደር እጅ ይጠብቃል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል፤ ገንዘቡ በምክር ቤት ጸድቆ፣ በፋይናንስ ጽሕፈት ቤት አልፎ ወደ ክለቡ እስኪደርስ ተጫዋቾች ፈርመው ልምምድ ጀምረዋል። የከብት ገበያው ሲቀዘቅዝ የነጋዴው መዋጮም አብሮ ይቀዘቅዛል። ከ2013 ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው የቦረና ከብት በገፍ ሲያልቅ፣ የከተሞቹ ኑሮ በምን ላይ እንደ ቆመ ሁሉም አይቶታል። እንዲህ ባለ ዓመት ለኳስ መዋጮ መጠየቅ በራሱ ይከብዳል።

ሦስተኛው ሜዳው ነው። በቆላ ከተማ የማለዳ ልምምድን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የአሰልጣኙን ሥራ ከሌላ አንግል ያየዋል። ፀሐይ ሳይበረታ ለመጨረስ ገና በ12 ሰዓት ይጀምራሉ። መሬቱ ሣር የለሽ ቀይ አፈር ነው፤ ኳሱ ሲነጥር አቧራ ያስነሳል፣ ለተቀባዩም በማይጠብቀው ከፍታ ይደርሰዋል። አሰልጣኙ የመለማመጃ ምልክት ባይኖረው ድንጋይ ይደረድራል። ከግራሩ ስር ኳስ ለማምጣት የሄደው ልጅ ኳሱን ይዞ የሚመለሰው አየሩ እየወጣ ነው፤ እሾህ ወግቶታል። ከኋላ ተነስቶ በአጭር ቅብብል የሚወጣ ቡድን እዚህ ሜዳ ላይ መሥራት እንዴት እንደሚከብድ ለማወቅ ላይሰንስ አያስፈልግም። አሰልጣኙ ግን ቅዳሜ በአርቴፊሻል ሣር ሜዳ ከሚለማመድ ቡድን ጋር ይገጥማል፤ እኩል እንዲጫወትም ይጠበቅበታል።

እዚህ ላይ የነገሌን ታሪክ ማስታወስ ተገቢ ነው። በጥር 1966 ነገሌ የሰፈረው 4ኛ ብርጌድ ያመፀው በመጥፎ ምግብና በውኃ ምክንያት ነበር። የወታደሩ የውኃ ፓምፕ ተበላሽቶ ነበር፤ የመኮንኖቹን ጉድጓድ ለመጠቀም ቢጠይቁም ተከለከሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ጉዳዩን አጣርተው እንዲመለሱ የላኳቸውን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው የራሳቸውን ምግብ አበሏቸው፣ የራሳቸውን ውኃ አጠጧቸው። የአመፁ መንገድ የሚወደስ ላይሆን ይችላል፤ ትምህርቱ ግን አሁንም ይሠራል። የበታቹን ለመገምገም የመጣ ሰው መጀመሪያ ማዕዱን ይቅመስ። የክለብ ቦርድም አሰልጣኙን ጠርቶ ስለ ታክቲክ ከመጠየቁ በፊት ተጫዋቹ ዛሬ ምን በልቶ እንደ ተለማመደ፣ የቤት ኪራዩን ከፍሎ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

«ይሰናበት» የሚሉት ወገኖች

ይሰናበት የሚለውን ወገን እንደ ስሜታዊ ደጋፊ ብቻ ማየት ስህተት ነው። በእጃቸው ከባድ ማስረጃ አለ።

የመጀመሪያው ከዋና ከተማው ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ለዓመታት ከውጭ አሰልጣኝ ወደ ውጭ አሰልጣኝ ሲሸጋገር ቆይቶ በ2014 የውድድር ዘመን ከሰርቢያዊው ዝላትኮ ክርምፖቲች ጋር ተለያየ። ቡድኑን የተረከበው የክለቡ የቀድሞ ተጫዋች ዘሪሁን ሸንገታ ነው። በዚያው ዓመት ዋንጫው ተመለሰ፤ በ2015ም ተደገመ። ቤቱን የሚያውቅ ሰው በውድድሩ መካከል ገብቶ ቡድንን ሊያቃና እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ሁለተኛው ከደቡብ ነው፤ ለቆላ ከተሞችም ይበልጥ ይቀርባል። ወላይታ ድቻን ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያሳደገው መሳይ ተፈሪ ነው፤ በ2009ም ከክለቡ ጋር የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሳ። በ2010 ግን ውጤት ጠፋና ክለቡ ከመሳይ ጋር ተለያየ፤ ዘነበ ፍስሐ ተረከበ። በዚያው ዓመት ድቻ የግብጹን ዛማሌክ በካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ካይሮ ላይ በተመሳሳይ ውጤት ተሸንፎ በመለያ ምት ጥሎት አለፈ። በአህጉሩ ስማቸው ከገነነ ክለቦች አንዱ በወላይታ ሶዶ ክለብ ከውድድር ወጣ። ለውጡን የወሰነው ቦርድ በዚያ ምሽት ልክ ነበርኩ ቢል ማን ይከራከረዋል?

ከእነዚህ ምሳሌዎች ጀርባ ያለው ምክንያት ግልጽ ነው። ተጫዋች መስማት ያቆመበት አሰልጣኝ በቀረው ጊዜ የሚሠራው ነገር ያንሳል። መልበሻ ክፍሉ ለሁለት ከተከፈለ፣ ቋሚ ተሰላፊ የነበሩት ካኮረፉ፣ ወጣቶቹ ዕድል እንደማያገኙ ካወቁ ልምምዱ ለይስሙላ ይሆናል። አሥራ አምስት ተጫዋች ከመቀየር አንድ ሰው መቀየር ይረክሳል። ደጋፊውም ተስፋ ያገኛል፤ ለቆላ ክለብ ደግሞ የደጋፊ ተስፋ ማለት መዋጮ ማለት ነው።

«ይቆይ» የሚሉት ወገኖች

ሆኖም የድቻን ታሪክ እስከ መጨረሻው እናንብበው። ድቻ ከዛማሌክ ጋር የመጫወት ዕድል ያገኘው የኢትዮጵያን ዋንጫ በማሸነፉ ነው፤ ዋንጫውን ያመጣው ደግሞ የተሰናበተው መሳይ ነው። መሳይ ከዚያ በኋላ ወደ አርባ ምንጭ ከተማ አቀና። በ2010 ከፕሪሚየር ሊጉ ወርዶ የነበረውን ክለብ በ2013 መልሶ አሳደገው። በ2017 ደግሞ የዋልያዎቹ አሰልጣኝ ሆነ። በአንድ ክለብ «ውጤት የለውም» የተባለ ሰው በሌላው አሳዳጊ፣ ቀጥሎም የብሔራዊ ቡድን አለቃ ሆነ። የአርባ ምንጭ ታሪክም በዚያ አልቆመም፤ ክለቡ በ2015 እንደገና ወረደ፣ በ2016 ተመለሰ። መውጣትና መውረድ የአንድ አሰልጣኝ ብቃት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተመላለሰ።

የገብረመድኅን ኃይሌ ታሪክ ይበልጥ ይናገራል። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊጉን በተቀላቀለበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫ አነሳ፤ አሰልጣኙ ገብረመድኅን ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ወደ መቐለ 70 እንደርታ ተሻገረ፤ መቐለም በ2011 ሻምፒዮን ሆነ። በ2017 ደግሞ ኢትዮጵያ መድን የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ በእሱ አሰልጣኝነት ወሰደ። አንድ ሰው፣ ሦስት ክለብ፣ ሦስት ዋንጫ። ጅማ አባ ጅፋርስ? በደመወዝ መዘግየት ሲታመስ ቆይቶ ዋንጫ ካነሳ ከአራት ዓመት በኋላ በ2014 ወረደ። ይህ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ጥሩ አሰልጣኝ ለውጥ እንደሚያመጣ ያሳያል፤ ስለዚህ ማን እንደሚቀጠር ትልቅ ጉዳይ ነው። ሆኖም ክለቡ ራሱን ካላደራጀ ያ ለውጥ አሰልጣኙ ሻንጣውን ይዞ ሲሄድ አብሮ እንደሚሄድም ያሳያል።

የብሔራዊ ቡድኑ ዓመታት ደግሞ የመቀያየርን ዋጋ በትልቁ ያሳያሉ። ሰውነት ቢሻው ጥቅምት 2005 ላይ ሱዳንን በአዲስ አበባ 2 ለ 0 አሸንፎ ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መለሳት። የመጀመሪያው ጨዋታ ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 የተሸነፈ ነበር፤ ያን ምሽት ብቻ ያየ ሰው ሰውነት ይሰናበት ባለ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ ለዓለም ዋንጫ እስከ መጨረሻው ጥሎ ማለፍ ደርሶ በናይጄሪያ ተገታ። በ2006 የቻን ውድድር ላይ ግን ዋልያዎቹ ሦስቱንም ጨዋታ ያለ አንዳች ጎል ተሸነፉ፤ ሰውነትም ተሰናበተ። ከዚያ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህለ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ ተፈራረቁ። አምስት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ወንበሩ አብርሃም መብራቱ እስኪመጣ አምስት ጊዜ ባለቤት ለወጠ። በእነዚህ ዓመታት ኢትዮጵያ አንድም የአፍሪካ ዋንጫ አልደረሰችም።

ወደ ካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ የሄደው ቡድን ግን የሁለት አሰልጣኝ ሥራ ነበር። ማጣሪያው ሲጀመር በኅዳር 2012 ቡድኑን የያዘው አብርሃም ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ከሜዳ ውጭ በማዳጋስካር ተሸነፈ፤ ከቀናት በኋላ ግን ባሕር ዳር ላይ አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 አሸነፈ። በዓመቱ መጨረሻ ፌዴሬሽኑ ውሉን አላደሰም፤ ውበቱ አባተ መጣ። ውበቱም ማጣሪያውን የጀመረው በኒጀር 1 ለ 0 በመሸነፍ ነው። ከዚያ ኒጀርን 3 ለ 0፣ በመጋቢት 2013 ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸነፈ። ምድቡ ሲጠናቀቅ ኢትዮጵያ 9 ነጥብ፣ ማዳጋስካር 8 ነበራቸው። ከዘጠኙ ሦስቱ የአብርሃም ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ ካሜሩን የለም። ስድስቱ የውበቱ ናቸው፤ እነሱም ባይኖሩ ያው ነው። ሁለቱም በማጣሪያው የመጀመሪያ ጨዋታቸው ተሸንፈዋል። የሁለት ጨዋታ ዕድል የሚባለው ነገር ምን ያህል ቀጭን መለኪያ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

የተጠናው ምን ይላል?

ጥያቄው በሌላው ዓለም በቁጥር ተመርምሯል። በኔዘርላንድስ ባስ ተር ዌል እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2004 የነበሩ የአሰልጣኝ ለውጦችን አጥንቶ፣ ያሰናበቱ ክለቦች ባላሰናበቱትና በተመሳሳይ ውድቀት ላይ ከነበሩት የተሻለ እንዳላገገሙ አሳየ። ያን ቫን ኡርስና ማርቲን ቫን ታይል እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት በዚያው ሊግ 14 የውድድር ዘመኖችን አይተው ተመሳሳይ መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። አራት ጊዜ በተከታታይ የተሸነፈ ቡድን ብዙ ጊዜ ከአቅሙ በታች የወረደ ቡድን ነው፤ ጉዳት፣ ቀይ ካርድ፣ ጠንካራ ተጋጣሚዎች ተደራርበውበታል። ቢተዉትም ቀስ እያለ ወደ ተለመደ ደረጃው ይመለሳል። አሰልጣኙ በዝቅታው ቀን ከተሰናበተ ግን ምስጋናውን አዲሱ ሰው ይወስዳል።

በአሜሪካ ኮሌጆች «የአሜሪካ ፉትቦል» ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ለዩኒቨርሲቲና ለከተማ ቡድኖች ይበልጥ ይቀርባል፤ የኮሌጅ ቡድን እንደ ባለሀብት ክለብ በፈለገበት ሳምንት ተጫዋች ገዝቶ አያመጣምና። አድለር፣ ቤሪና ዶኸርቲ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2010 የነበሩትን ለውጦች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ በጣም ደካማ የነበሩ ቡድኖች አሰልጣኝ በመቀየራቸው ያገኙት ጥቅም ከቁጥር የሚገባ አልነበረም፤ መካከለኛ የነበሩት ደግሞ በተከታዮቹ ዓመታት ባሰባቸው። ለመካከለኛ ቡድን መቀየር ከመቆየት ይከፋል ማለት ነው፤ «ይሰናበት» የሚለው ጩኸት የሚበረታው ደግሞ ብዙ ጊዜ መካከለኛ ቡድን ላይ ነው።

እነዚህን ጥናቶች እንዳሉ ወደ ነገሌ መገልበጥ አይቻልም። በኔዘርላንድስ አሰልጣኝ ሲቀየር የሚቀየረው አሰልጣኙ ነው፤ የተጫዋቹ ደመወዝ ትናንትም ዛሬም በቀኑ ይገባል። በእኛ ዘንድ ግን ከአዲሱ አሰልጣኝ ጋር ብዙ ነገር አብሮ ይመጣል። ቦርዱ አዲሱን ሰው ባዶ እጁን አይቀበለውም፤ የዘገየው ደመወዝ ይከፈላል፣ አዲስ መለያ ይገዛል፣ ከንቲባው ልምምድ ሜዳ መጥተው ተጫዋቾቹን ያበረታታሉ። ቡድኑ ሁለት ጨዋታ ሲያሸንፍ «አሰልጣኙን መቀየራችን ጠቀመን» ይባላል። ያው ደመወዝ ከሁለት ወር በፊት ቢከፈል ኖሮ የቀድሞውም አሰልጣኝ እነዚያን ሁለት ጨዋታዎች ያሸንፍ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ሊጠየቅ ይገባል።

የማሰናበት ሂሳብ

ማሰናበት ነጻ አይደለም። ውሉ ያላለቀ አሰልጣኝ የቀሪ ወራቱን ክፍያ ይጠይቃል፤ ካልተከፈለው ወደ ፌዴሬሽኑ ይሄዳል። በዚህ መንገድ የተከሰሱና እስኪከፍሉ ድረስ ተጫዋች እንዳያስፈርሙ የታገዱ ክለቦች በአገራችን ጥቂት አይደሉም። አዲሱም ደመወዙን ይፈልጋል፤ ስለዚህ አንድ ወንበር ሁለት ሰው ይበላበታል።

ከገንዘቡ የሚከብደው ግን ሌላ ኪሳራ ነው። በአጋማሽ የመጣ አሰልጣኝ ለመማር ጊዜ የለውም፤ የሚያውቃቸውን ተጫዋቾች ከሌላ ከተማ ያስመጣል። ለእነሱ ቦታ ለመክፈት መጀመሪያ ከቡድኑ የሚወጣው የከተማው ልጅ ነው። ቀዳሚው አሰልጣኝ ከትምህርት ቤት ውድድር መርጦ፣ ዓመት ሙሉ አብሮት ሮጦ፣ ልክ ለመሰለፍ ሲደርስ አዲሱ አያውቀውም። ነገሌና ያቤሎ ውስጥ በዚህ መንገድ ኳስን የተዉ ልጆችን የማያውቅ የስፖርት ሰው ካለ ሜዳ አይሄድም ማለት ነው። ለአንድ የቆላ ክለብ ትልቁ ሀብት ከሩቅ ሳያስመጣው፣ ሆቴል ሳይከራይለት፣ ሙቀቱንና አቧራውን ለምዶ ያደገ ልጅ ነው። ያን ልጅ የሚያሳድግ አሰልጣኝ በነጥብ ሰንጠረዥ ላይ በሁለተኛው ዓመት እንጂ በሁለተኛው ወር አይታይም።

አገሬው የሚያውቀው ሥርዓት

መቼና እንዴት ኃላፊን መመዘን እንደሚገባ ለመማር የቆላው ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። በቦረና ገዳ ሥርዓት አባ ገዳው የሚያገለግለው ስምንት ዓመት ነው፤ ሲረከብ የሚያስረክብበትን ጊዜ ሕዝቡም እሱም ያውቁታል። በ2017 ሥልጣኑ ከኩራ ጃርሶ ወደ ጉዮ ቦሩ የተላለፈው በዚሁ በታወቀ ቀጠሮ ነው። ስምንት ዓመት ማለት ግን ያለ ተጠያቂነት መቀመጥ አይደለም። በየስምንት ዓመቱ የሚሰበሰበው ጉሚ ጋዮ ሕግ ይከልሳል፣ መሪዎችን ይመረምራል፤ ከባድ ጥፋት የተገኘበትን ከሥልጣን የመንቀል መብት አለው። ጉጂዎችም በሜኤ ቦኮ የራሳቸው ጉባኤና ሕግ አላቸው። ዩኔስኮ በ2009 የገዳን ሥርዓት በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ሲመዘግብ ዕውቅና የሰጠው ለዚህ ሥርዓት ነው።

ከዚህ ሦስት ነገር ይወሰዳል። የሥራ ዘመኑ አስቀድሞ ይታወቃል። የሚመዘንበት ጊዜና ቦታ ይታወቃል። ከጊዜው በፊት መንቀል ይቻላል፤ የሚነቀለው ግን በጉባኤ ፊት፣ ጥፋቱ ተነግሮት፣ መልሱም ተሰምቶ ነው። በሻይ ቤት ወሬ የተነቀለ አባ ገዳ የለም። በዚህ ሥርዓት ያደጉ ሽማግሌዎች በሚኖሩበት ከተማ የክለብ አሰልጣኝ ከልምምድ ሲመለስ መሰናበቱን ከሰው ስልክ ላይ የሚሰማ ከሆነ ከተማው የራሱን ጥበብ ሜዳው በር ላይ ጥሎ ገብቷል።

መቼ ይሰናበት?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥያቄው መልስ ይፈልጋል። በእኔ እምነት አሰልጣኝ ሳይዘገይ፣ ዙሩም ሳያልቅ መሰናበት ያለበት ጥፋቱ የምግባር ሲሆን ነው። ተጫዋች ለማሰለፍ ወይም ለማስፈረም ገንዘብ የሚቀበል፣ ተጫዋች የሚደበድብ ወይም የሚያዋርድ፣ ዕድሜ የሚያጭበረብር፣ ያለ ምክንያት ከልምምድ የሚቀር አሰልጣኝ ቡድኑ አንደኛ ደረጃ ላይ ቢሆንም ይሂድ። እዚህ ላይ ነጥብ አይቆጠርም።

ውጤትን በተመለከተ በአጋማሽ መሰናበት ትክክል የሚሆነው ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲገኙ ነው። የተጫዋቾች ደመወዝ በወቅቱ ተከፍሎ ከሆነ፣ አሰልጣኙ የጠየቀው ዋና ዋና ነገር ተሟልቶለት ከሆነ፣ ተጫዋቾቹም ከእሱ ጋር መሥራት እንዳቆሙ ለየብቻ ተጠይቀው ካረጋገጡ። ሦስቱ ከተሟሉ ቦርዱ አያመንታ፤ እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤቱን የሚያውቅ ተተኪ ፈልጎ ይቀይር። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አሰልጣኙ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይቆይ፤ ክለቡ በዚያ ጊዜ የጎደለውን ያሟላ። ቡድኑ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ቢሆንስ? ያኔም ቢሆን ደመወዝ ያልተከፈለበት ቡድን በአዲስ አሰልጣኝ አይተርፍም፤ ይወርዳል፣ ዕዳውም በእጥፍ ይቀራል።

ይህ እንዲሠራ ክለቡ ውል ሲፈርም አብሮ አንድ ገጽ ይጻፍ። የዓመቱ ግብ ምንድን ነው? መውጣት፣ መቆየት ወይስ ወጣት ማሳደግ? ደመወዝ በወሩ በየትኛው ቀን ይከፈላል? ከከተማው ስንት ወጣት ወደ ዋናው ቡድን ይገባል? ግምገማው መቼ ነው? የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ አንድ ጊዜ፣ ዓመቱ ሲያልቅ አንድ ጊዜ ይበቃል። ገምጋሚው ደግሞ ኳስ የሚያውቅ ሰው ይሁን፤ የቀድሞ ተጫዋቾች፣ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን፣ ጨዋታውን ተጉዘው የተመለከቱ የደጋፊ ተወካዮች። ቡሌ ሆራና ያቤሎ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ። ክለቦቹ ባለሙያ ፈልገው የተጫዋቾቻቸውን የአካል ብቃት በዓመት ሁለት ጊዜ ቢያስለኩ አሰልጣኙ ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለው ከሆሆታ ወጥቶ ወረቀት ላይ ይሰፍራል።

ደጋፊውም የራሱ ድርሻ አለው። ከሩቅ ከተማ የመጣ ውጤት ሲነገረው «ማን አሰልጣኝ ነው?» ከማለቱ በፊት «ልጆቹ ደመወዝ አግኝተዋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ደጋፊ ቦርዱን ከማንም በላይ ያሠራዋል። የከተማ አስተዳደር የሚፈራው ይህን ጥያቄ ነው፤ መልሱ በእጁ ያለ ጥያቄ ነውና።

ስለዚህ በዚህ ዓመት የመጀመሪያው ዙር አልቆ ቦርዶች ሲቀመጡ አጀንዳው በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄድ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ የደመወዝ መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ። ቀጥሎ አሰልጣኙ በጽሑፍ የጠየቃቸውና የተሰጡት ነገሮች ይነበቡ። ከዚያ እሱ ራሱ ይጠራ፣ ይናገር። ውሳኔው ከዚያ በኋላ ይሰጥ፤ ይቆይም ከተባለ ይሰናበትም ከተባለ ምክንያቱ ለደጋፊው በይፋ ይገለጽ። እንዲህ የተሰናበተ አሰልጣኝ ቅር ቢለውም የሚከስበት ነገር አይኖረውም፤ እንዲህ የቆየውም ዕዳ እንዳለበት አውቆ ይሠራል። ተተኪው ደግሞ ከምን ተነስቶ ምን እንደሚጠበቅበት አንብቦ ይፈርማል።